አርባ ስምንት ቀዳዳ

ሰፈሩ «ማስተር» ይለዋል። ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱ ግን ከእናቱ ማህፀን ይዞት የወጣ ይመስል በሌላ ስም ከጠሩት ዞር ብሎ አያይም። ሚስቱ ባለ ጫጩቷ ናት። እሷም እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ነበራት፤ ጫጩት መፈልፈል ከጀመረች ወዲህ ግን የሚጠራት ጠፋ። ሲቸኩሉ ደግሞ «የማስተር ሚስት» ይሏታል፤ አንጀቷን የሚያሳርራት ይሄኛው ነው።

እንዴት አያሳርራት! ሳታገባ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ የሬዲዮ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበረች። በቀን ስድስት መቶ ነጥብ ትበይዳለች፤ ከእጇ ወጥቶ «ይሄ ለቋል» ተብሎ የተመለሰ ሥራ የለም። ማስተር ራሱ መበየጃ መያዝ የተማረው ከሷ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ጣቱን ስንቴ እንዳቃጠለ እሷ ታውቃለች። ዛሬ ሰው የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ሊያማክረው ሲመጣ ግን እግሩን አጣምሮ፣ «እሷማ የምታውቀው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ቁጭ ብሎ ነካ ነካ ማድረግ» ይላል። እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች!

ሰሞኑን ደግሞ የያዘው ፍቅር የሪቬት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰርኪት ቦርድ ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ ከላይም ከታችም የመዳብ መስመር ካለው፣ የላዩን ከታቹ የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦርዱ ይበሳና በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ሁለቱንም ፊት መበየድ ነው። ያለበለዚያ ደግሞ የጉንዳን ጭንቅላት የምታክል፣ መሃሏ ክፍት የሆነች የመዳብ ሪቬት ከትቶ ጫፏን በመሣሪያ መጨፍለቅ ነው። ሽቦው አያምርም። ሪቬቷ ታምራለች፣ ወርቅ ትመስላለች፤ ግን እሷም ብትሆን ከተጨፈለቀች በኋላ ዙሪያዋ መበየድ አለበት። ይሄን የማያውቅ በያጅ የለም። ማስተር ግን «ጥሩ መሣሪያ ያለው ሰው ብየዳ አያስፈልገውም» ብሎ ድርቅ አለ።

ጥሩ መሣሪያ የተባለው ሪቬት መቺ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ከልብስ ስፌት መኪናዋ! አንድ ቀን ገበያ ደርሳ ስትመለስ መኪናዋ ሆዷ ተዘርግፎ ጠበቃት። መርፌ የሚይዘውን ዘንግ ነቅሎ፣ እጀታ ገጥሞ፣ ጫፉን ሰባት ወር ሞረደው። ሰባት ወር! በዚያ ጊዜ ውስጥ የቤቱ ጣራ ሁለቴ አፍስሷል። መሣሪያውን በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ የራሱን ሸሚዝ እንኳ አጣጥፎ አያውቅም።

መፈልፈያው ጓዳ ውስጥ የቆመ አሮጌ ቁም ሣጥን ነው። ውስጡ አምፖል፣ ማራገቢያና ሦስት መደርደሪያ ዕንቁላል አለ። ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ መርጋት አለበት፤ ሲወርድ ቦርዱ አምፖሉን ያበራል፣ ሲወጣ ያጠፋል። የድሮው ቦርድ ሲበላሽ ማስተር «አዲስ እሠራልሻለሁ» አለና አርባ ስምንት ቀዳዳ ያለው ቦርድ ሠራ፤ አርባ ስምንት ሪቬት መታበት፤ አንዷንም አልበየደም። «በይደው» አለችው። «መሣሪያውን አታዋርጂው» አላት። በይደው፣ አልበይድም፣ በይደው፣ አልበይድም፤ መጨረሻ ላይ ደከማትና ተወችው። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ብላ።

በዚያ ዙር መቶ ሰማንያ ዕንቁላል ገብቷል። ግማሹ የራሷ፣ ግማሹ የጎረቤት አደራ ነው። ሰው ዕንቁላሉን በሳህን ይዞ ወይ በሹራብ ጠቅልሎ ያመጣላታል፤ እሷ በእርሳስ ምልክት ታደርግበታለች። የአናጺው መስመር፣ የጥበቃው ቤት ክብ፣ የልብስ አጣቢዋ ነጥብ። የልብስ አጣቢዋ አሥራ አንድ ብቻ ነው። ያለቻት አንዲት ዶሮ ናት፤ አውራ ዶሮ ያለበት ግቢ ለምና አስገብታት፣ ሁለት ሳምንት ሳትበላ ሳትሸጥ አጠራቅማ ነው ያመጣችው። «አደራ» አለቻት። ሴትየዋ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ወሬ አታበዛም። ባለ ጫጩቷ ዘጠኝ ጊዜ ፈልፍላ የሰው አደራ በልታ አታውቅም። ጥሩ ቦታ ይሁንላት ብላም አሥራ አንዱን በእጇ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከአምፖሉ አጠገብ ደረደረችው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት የቁም ሣጥኑን በር ስትከፍት ፊቷን የሚመታት ሙቀት የለም። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ይላል። አምፖሉ ጠፍቷል። ቦርዱን በጣቷ ጫን ስታደርገው አምፖሉ ቦግ አለ፤ ስትለቀው ድርግም።

«አንተ ሰውዬ! ና ውጣ፣ ጉድህን እይ!»

ማስተር ፊቱን ሳይታጠብ መጣ። ቦርዱን ፈታው፣ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰደው፣ አምፖል አገናኘለት። አምፖሉ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፤ አንድ እንከን የለውም።

«ይኸው! ምን ሆነ ነው የምትይው?»

መልሶ ገጠመው። ለግማሽ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ድርግም አለ። ማስተር ኤሌክትሪኩ ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል አለ። አምፖሉን ቀየረ፤ ያው ነው። ማራገቢያው ነው አለ። መጨረሻ ላይ ራሱን እያከከ፣ «አንቺ በሩን እየደጋገምሽ እየከፈትሽ ነው እንጂ» አላት።

ቱግ አለች።

«እኔ? እኔ በር ስለከፈትኩ? አንተ እኮ ሰማይ ቢወድቅ የኔ እጅ ነክቶት ነው የምትል ሰው ነህ! ሦስት ቀን ነው የቀራቸው፣ ሦስት ቀን! እዚያ ውስጥ ያለው አስኳል አይደለም፣ ነፍስ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም? ሪቬቶቹን አንዴ ጠበቅ ጠበቅ ላድርጋቸው።»

«የኔ ዕንቁላል በእግሩ የሚሄደው አንተ ካልቀበርከው ነው!»

ሐር ጨርቁን ሊፈታ ሲል ቦርዱን ከእጁ መነጨቀችው። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ እስኪፈላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እሱም ምን ልታደርግ ነው ብሎ ቆመ። ውሃው ሲፈላ የቴስተሩን አንዱን ሹል በላይኛው መስመር፣ ሌላውን በታችኛው ላይ አደረገችው። ቴስተሩ ጲጵ አለ፤ ተገናኝቷል ማለት ነው። ቦርዱን እንፋሎቱ ላይ ያዘችው። ጲጵ እያለ ቆየና ዝም አለ። ከእንፋሎቱ አውጥታ እፍ እፍ አለችበት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ጲጵ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሞከረች፣ ሦስተኛውን ሞከረች። ከአርባ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙ ሲሞቁ ይለቃሉ።

«ሰማህ? ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። ዕንቁላል ደግሞ ጠረጴዛህ ላይ አይፈለፈልም፣ ማስተር!»

ማስተር ቴስተሩን አየ፣ ማንቆርቆሪያውን አየ። «የመዳቡ ጥራት ይሆናል» አለ፣ ድምፁ ግን ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ያዘዘችው እሷ ናት። አምፖሉን በቀጥታ ከማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኝታ ቁም ሣጥኑ አጠገብ በርጩማ አስቀመጠችለት። እሷ ቦርዱን እስክትጨርስ ድረስ እሱ በእጁ ያበራል፣ በእጁ ያጠፋል።

«ዓይንህን ከቴርሞሜትሩ እንዳትነቅል። ሠላሳ ስምንት ሲደርስ አጥፋ፤ ወደ ሠላሳ ሰባት ሲወርድ አብራ። ሌላ ሥራ የለህም። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። ሰማኸኝ?»

«ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።»

«ሕፃንማ ይሰማ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ፀጉር የመሰሉ የመዳብ ክሮች መዘዘች። ከዚያ አንድ በአንድ ሄደች፤ ክሩን በቀዳዳው ታሳልፋለች፣ ከላይ ታጥፋለች፣ ከታች ታጥፋለች፣ መበየጃውን አስጠግታ የብየዳውን ሊድ ታቀልጥበታለች፣ ሊዱ ዙሪያውን ሲጠጣ ታነሳለች፣ ቦርዱን ትገለብጣለች። ዘጠና ስድስት ነጥብ። ተናዳለች፤ እጇ ግን አልተናደደም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልነካችው ሥራ ጣቶቿ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ኖሯል። ሃያኛው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ «ነካ ነካ ማድረግ!» አለች ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ። ሠላሳኛው ላይ ትንሽ ፈገግ ማለቷንም አልካድም።

አርባ አንደኛው ቀዳዳ ላይ አንድ ድምፅ ሰማች። ክርር፣ ክርር። ከጓዳ አይደለም፤ ከጓሮ በኩል ነው። መጀመሪያ አናጺው መሰላት። ከዚያ ገባት። ሞረድ ነው።

መበየጃውን እንዳለ ጥላ ሮጠች። በርጩማው ባዶ ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ እንደበራ ነው። ቴርሞሜትሩ አርባ አራት ያሳያል፤ ያውም የተሰቀለው መሃል ላይ ነው። ላይኛው መደርደሪያ አምፖሉ አጠገብ ስንት እንደደረሰ አንድዬ ይወቀው። ማጥፊያውን መታችው፣ በሩን በረገደችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ታራግብ ጀመር። ልብስ አጣቢዋ ካመጣቻቸው አንዱን ዕንቁላል አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ፈጃት፣ ወዲያው መለሰችው።

ማስተር በጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሪቬት መቺውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ጫፉን ይሞርዳል። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«አገኘሁት! ጫፉ በአንድ በኩል ተሸርፏል፣ ለዚህ ነው ሪቬቷ የምትለቀው። አሁን ገና ነው የወጣሁት፤ ላሳይሽ ብዬ…»

ምን ያህል እንደቆየ አትጠይቁኝ፤ እሱ አምስት ደቂቃ ይላል። እሷ የተቆለለውን የብረት ብናኝ አይታለች፣ የአምስት ደቂቃ አይደለም። ሰው በጣም ሲናደድ ስድብ እንኳ ያጥረዋል። ተመለሰች፣ በርጩማውን እየጎተተች ቁም ሣጥኑ አጠገብ አስጠጋች፣ ጠረጴዛውንም እየገፋች ወደ ጓዳ አስገባች። በአንድ እጇ አምፖሉን እያበራችና እያጠፋች፣ በሌላው የቀሩትን ሰባት ቀዳዳዎች በየደች። ገጠመችው። ሠላሳ ሰባት ተኩል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም። አራት ቀን ሙሉ ለባሏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም፤ ምግቡንም ራሱ አቀረበ፣ ራሱ በላ።

በሃያ አንደኛው ቀን ቁም ሣጥኑ ጩኸት በጩኸት ሆነ። የአናጺው ወጡ፣ የጥበቃው ቤት ወጡ፣ የራሷ ወጡ። ከሰዓት በኋላ የአናጺው ሚስት ጫጩቶቿን ልትወስድ መጥታ ማስተርን በር ላይ አገኘችውና፣ «እጅህ ይባረክ፣ ማስተር! አዲሱ ቦርድ ጉድ ነው አሉ» አለችው። እሱም «አሜን፣ አሜን» አለ። አሜን! ባለ ጫጩቷ ከውስጥ ሰማች። ለሱ ጊዜ አልነበራትም፤ ላይኛውን መደርደሪያ እያየች ነበር።

ባለ ነጥቦቹ የልብስ አጣቢዋ አሥራ አንድ ዕንቁላሎች ዝም ብለዋል። አንድ ቀን ጨምራ ጠበቀች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። በሃያ ሁለተኛው ቀን ማታ አንዱን ሰበረችው። ላባው የወጣ፣ እግሩን የሰበሰበ፣ ምንቃሩን ወደ ላይ ያዞረ ሙሉ ጫጩት ነው። ሞቷል። ዘለግ ላለ ጊዜ መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች።

ማስተር በትከሻዋ አሻግሮ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን መሰለሽ… ውሃ ሆኖ ነው በያት።»

ዞር አለች።

«ማለቴ፣ አውራ አላገኘውም በያት። ያጋጥማል እኮ። ሴትየዋ በምን ታውቃለች? አንቺም አትወቀሺ፣ እኔም ስሜ አይነሳ። ወሬው ከወጣ ነገ ሬዲዮ የሚሰጠኝ ሰው አገኛለሁ?»

እዚህ ላይ ነው የአራት ቀኑ ዝምታ የፈነዳው።

«ስምህ! ስምህ ነው የታየህ? ውሃ ሆነ ብላት ሴትየዋ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? ዶሮዋን ታርዳታለች! ‹የማትረባ ዶሮ› ብላ ያለቻትን አንዲት ዶሮ ታርዳታለች! የምትረባ ዶሮ ናት፤ አየህ? ይኸው፣ እየው! ላባ አለው! አሥራ አንዱም ላባ አላቸው! እናቲቱም አባትየውም የድርሻቸውን ሠርተዋል፤ ያልሠራኸው አንተ ነህ! አንድ ሥራ ሰጠሁህ፤ ቁጭ ብሎ ማየት! እሱን አቃተህ! ስንት ዓመት ‹ማስተር› ሲሉህ ዝም አልኩ፤ መኪናዬን ስትፈታ ዝም አልኩ፣ ሰው ፊት ስታንቋሽሸኝ ዝም አልኩ። በሰው አደራ ላይ ደግሞ ልትዋሽብኝ? ተነስ! ጫማህን አድርግ!»

«አሁን? መሽቷል እኮ፤ ነገ…»

«ጫማህን አድርግ አልኩህ!»

አደረገ። አሥሩን ዕንቁላልና የተሰበረውን በትሪ አድርጋ አሸከመችው። እሷ ደግሞ ከራሷ ጫጩቶች ጠንከር ጠንከር ያሉትን አሥራ አንድ መርጣ በካርቶን ያዘች። መንገድ ላይ የጥበቃው ሚስት፣ «ማስተር፣ ወዴት ነው ትሪ ይዘህ?» ብላ ሳቀች። እርምጃውን አፈጠነ። ባለ ጫጩቷ ግን ኋላ ኋላው እየሄደች ነው፤ ቢያመልጥ የት ይሄዳል!

ልብስ አጣቢዋ በሯ ላይ የሰው አንሶላ እያጠፈች አገኟት። እጇ በሳሙና ተበልቶ ነጥቷል። ማስተርን ከነትሪው ስታየው አንሶላውን አስቀመጠች።

ማስተር ወደ ሚስቱ ዞሮ አየ። ሚስቱ አላገዘችውም።

«እህቴ» አለ፣ «አልተፈለፈሉም። ዶሮሽ ጥፋት የለባትም፣ እንዳትነኪያት። ሙሉ ጫጩት ሆነው ነበር። ጠብቅ ተብዬ… ሙቀቱን እንድጠብቅ ነግራኝ ነበር። መሣሪያዬን ልሞርድ ወጣሁ። አምፖሉ አቃጠላቸው። እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሲናገር ላብ አጥምቆታል፤ ግን ተናገረው፣ አንዱንም አልዋጠም። ባለ ጫጩቷ ደረቷ ላይ የተቆለለው ንዴት ትንሽ ቀለል ሲላት ተሰማት። እሰይ፣ ዛሬስ አፍ አወጣ አለች በሆዷ።

ልብስ አጣቢዋ ግን እሱን አላየችውም። የተሰበረውን ዕንቁላል ትንሽ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ባለ ጫጩቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣

«እኔ ለሱ ሰጥቻለሁ?» አለች።

«እ?»

«ዕንቁላሌን። ለሱ ነው የሰጠሁት? ለሱ ነው አደራ ያልኩት?»

«ለ… ለኔ ነው።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

ቦርዱን እየበየድኩ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። እውነት ነው፣ እየበየደች ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ያዳነውም ብየዳው ነው። ግን የተጠየቀችው ያ አልነበረም።

«ለሱ ትቼለት ነበር» አለች።

«እያወቅሽው?»

«እያወቅኩት።»

ልብስ አጣቢዋ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለች፣ ጫጩቶቹን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ቆጠረች፣ አሥራ አንድ ናቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ እንደ ማንም ደንበኛ። ከዚያ ገባችና በሯን ዘጋችው።

መንገድ ላይ ማስተር ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ተራመደ። ከዚያ ፊቱ ቀለል አለ።

«ተናገርኩ አይደል እንዴ? እንዳልሽኝ ተናገርኩ። ጫጩትም ተክተንላታል። በቃ፣ አለቀ አይደል?»

ባለ ጫጩቷ መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

«አላለቀም» አለችው። «ያለቀው ባንተ ላይ ያለኝ ንዴት ነው። በራሴ ገና ልናደድ ነውና አንተ ቅደም።»

ቀደመ።